ግማሹን የት ጣልከው?

ሂንዳ ሚክዳድን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነጋገረችው ልትወቅሰው ነበር።

ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ባለው የልብስ ፋብሪካ፣ ሱሪ በሚሰፋበት የማሽን ረድፍ፣ «ላይን» በሚሉት ላይ፣ ረዳት ሱፐርቫይዘር ናት። ረዳት ትባል እንጂ አዲስ ሠራተኛ የምታለማምደው፣ የተበላሸ ስፌት የምታስፈታው፣ ማሽን ሲቆም መካኒክ የምታስጠራው እሷ ናት። ሱፐርቫይዘሮቹ ግን ሁልጊዜ ከባሕር ማዶ የሚመጡ ወጣቶች ናቸው። ይመጣሉ፣ ሥራውን ከሂንዳ ይማራሉ፣ ከዚያ አለቃዋ ይሆናሉ።

የምርት ማኔጀሩም ከዚያው የመጣ ነው። ሠራተኞቹ «ቬንትሌተር» ይሉታል። የድሬ ልጅ ስም ሲያወጣ አይስትም፤ ሰውየው በማሽኖቹ መካከል ቆሞ አንገቱን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያዞር ነው የሚውለው። ልዩነቱ ከእሱ የሚወጣው ነፋስ አለማቀዝቀዙ ብቻ ነው።

ሚክዳድ አስተርጓሚ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የተመለሰ የሳቢያን ሰፈር ልጅ፤ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። ማኔጀሩ በእንግሊዝኛ የሚጮኸውን እሱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ካስፈለገም በሶማሊኛ ያደርሳል። እሱ ከተቀጠረ ወዲህ ላይኑ ላይ ጠብ ቀንሷል ይባላል።

የዚያን ቀን ጠዋት ጠማማ ኪስ የተሰፋባቸው ሱሪዎች ተገኙ። ማኔጀሩ አንዱን አንስቶ ወለሉ ላይ ወረወረው። ፊቱ ቀልቶ፣ እጁን ወደ ሴቶቹ እያወናጨፈ ብዙ ተናገረ። ሚክዳድ እስኪጨርስ በትዕግሥት ሰማውና ወደ ሠራተኞቹ ዞረ።

«ኪሱ ላይ ትንሽ ጥንቃቄ ይደረግ ይላሉ። ጎበዞች ናችሁ፣ ታስተካክሉታላችሁ ብለዋል።»

ከማሽኖቹ መሐል አንድ ሳቅ ተሰማ። የሂንዳ ነበር።

«አቦ ሚክዳድ» አለች፣ «ግማሹን የት ጣልከው?»

«የምኑን ግማሽ?»

«‹እንስሳት› ያለንን። እኔም እኮ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ።»

በዕድሜ ከሁሉም የምትበልጠው ልብስ ሰፊ፣ ተሻለች የምትባለው፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደች። «እንስሳት አለን እንዴ?»

ሚክዳድ ሂንዳን አያት። እሷም አየችው። ከሻሿ ሥር ያሉት ዓይኖቿ የተቆጣ ሰው ዓይኖች አልነበሩም፤ የሚጠብቅ ሰው ዓይኖች ነበሩ። ቀድሞ መሬት ያየው እሱ ነው።

ከሥራ ሲወጡ በሠራተኞቹ ሰርቪስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ ክፍት ወንበር ነበር። ሚክዳድ ፈቃድ ጠይቆ ተቀመጠ።

«አባቴ መጋላ ገበያ ደላላ ነበር» አለ። «ሶማሌው ግመል፣ ኦሮሞው በሬ፣ ደገኛው እህል ይዞ ይመጣል። አንዱ የአንዱን ቋንቋ አያውቅም። በመሐል የሚቆመው አባቴ ነው። ዋጋ ላይ ሲናደዱ ይሰዳደባሉ። እሱ ግን ዋጋውን ብቻ ነው የሚያሻግረው። ‹ስድብ አይሻገርም› ይላል። እኔም ያደግኩት እዚያ ነው።»

«ቆንጆ ሕግ ነው» አለች ሂንዳ።

ከልቧ መሆኑ ስለገባው ደስ አለው። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ገበያ ውስጥ ግን ባለ ግመሉም ይሳደባል፣ ባለ በሬውም ይሳደባል። የሁለቱም ስድብ አባትህ ጆሮ ላይ ነው የሚቀረው። ደግሞ ያልተስማማው ከብቱን ነድቶ ይሄዳል። ንገረኝ እስቲ፣ እኛ ማንን ሰድበን ደበቅክልን? ምንስ ነድተን እንሄዳለን?»

ሚክዳድ ዝም አለ። የሚያሸንፍ መልስ ሲፈልግ ሳይሆን፣ የሰማውን በልቡ ሲመዝን ዝም የሚል ዓይነት ሰው ነበር። ሂንዳ ይህን ዝምታውን ወደደችለት። አልነገረችውም እንጂ።

ከዚያን ቀን በኋላ ሚክዳድ ሳቢያን መውረዱን ተወ። ሰርቪሱ መጋላ ጫፍ ሲቆም አብሯት ይወርዳል። ምክንያቱ ሙሸበክ ነበር። እናቱ የመጋላን ሙሸበክ ካልሆነ አትበላም አለ።

«ትናንትም ገዝተህላት ነበር» አለች ሂንዳ፣ ሻጩ ትኩሱን ጣፋጭ በወረቀት ሲጠቀልል እያየች።

«ጨረሰችው።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«እሱንም።»

«ዋሪያ፣ እናትህን በስኳር ልትገድላት ነው? ከእኔ ጋር መሄድ ከፈለግክ ዝም ብለህ ሂድ። ሴትዮዋ ምን አደረገችህ?»

ሻጩ ሳቀ። ሚክዳድም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀላ። ከዚያ ወዲያ ያለ ሙሸበክ ሄዱ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የመጋላ ጠባብ መንገዶች ይነቃሉ። ቀን ሙቀቱን ሸሽተው በራቸውን የዘጉ ሱቆች ይከፈታሉ፤ ባጃጆች በሰው መሐል እየተሽሎከለኩ ያልፋሉ፤ ከየደጁ ባጊያ ዘይት ውስጥ ሲንጫጫ ይሰማል። ሚክዳድ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው መንገድ ነበር። አሁን ግን ቶሎ የሚያልቅ መንገድ ሆነበት። ሂንዳ ቤት ጋ ሲደርሱ ሁለቱም አንድ ያልተጨረሰ ወሬ ያስታውሱና በሩ ላይ ይቆማሉ። ወሬው ሲያልቅ ሌላ ይጀምራሉ። ከዚያ የሂንዳ እናት ናዲፋ ከውስጥ ያስላሉ።

አንድ አመሻሽ ላይ፣ ሳሉ ከመሰማቱ በፊት፣ ሚክዳድ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ሂንዳ፣ እኔ እወድሻለሁ። ከቀልድ ጋር እንዳትቀላቅይብኝ።»

አልቀላቀለችም። ጣቶቿ የሻሿን ጫፍ ያዙ።

«እኔም እወድሃለሁ» አለች። «እውነቱን ለመናገር ከአንተ የተሻለ ልብ ያለው ሰው አላየሁም። ግን ሚክዳድ፣ ስለ እኔ የተባለውን ከእኔ የሚደብቅ ባል አልፈልግም። ዛሬ የማኔጀሩን ከደበቅከኝ ነገ የዘመድህን፣ ከነገ ወዲያ የራስህን ትደብቀኛለህ። ሁሉንም ለእኔ ጥቅም ብለህ ነው የምታደርገው። በዚያ ውስጥ ግን እኔ የለሁም።»

«እንዳትጎጂ ብዬ ነው እኮ።»

«መጎዳቴን እኔ ልወቀው። ምን እንደማደርግበትም እኔ ልወስን።»

ናዲፋ አሳሉ። ሂንዳ ገባች። ሚክዳድ ባጃጅ ሳይዝ በእግሩ ወደ ሳቢያን ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ የላይኑ ሱፐርቫይዘር ወደ አገሩ ሊመለስ መሆኑ ተሰማ። ሂንዳ ለሚክዳድ ያሰበችውን ነገረችው። ቦታውን ትጠይቃለች፤ ሁሉም ሠራተኛ ባለበት፣ ማኔጀሩ በሚቆምበት ስፍራ ቆማ፣ በአማርኛ።

«በእንግሊዝኛ ብትነግሪውስ? ትችያለሽ።»

«እችላለሁ። ግን ጉዳዩ የእኔ ብቻ አይደለም። ተሻለችም ትስማ፣ የኦሮምኛ ተናጋሪዎቹም ይስሙ። መልሱንም ሁሉም ይስማ።» ቀና ብላ አየችው። «አንተ ነህ የምትተረጉመው። ሙሉውን አምጣልን። ከዚህ ሌላ ምንም አልለምንህም።»

ሚክዳድ ማኔጀሩ ምን እንደሚመልስ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ሙሉውን ቢያመጣ እንጀራው እንደሚቋረጥ ያውቃል። ካላመጣ ደግሞ ሂንዳ አትቆጣውም፤ ዝም ብላ ለብቻዋ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ይህ ይበልጥ አስፈራው።

በጁምዓ ከሶላት ሲመለሱ አባቱን ሐጂ አብዲራህማንን ጠየቃቸው። ሽማግሌው ገበያውን ከተዉ ቆይተዋል፤ አሁንም ግን ሲሄዱ በየሱቁ በር ሰላምታ በሦስት ቋንቋ ይቀበላሉ።

«አባ፣ ስድብ አይሻገርም ትል አልነበር?»

«እላለሁ።»

«አንዱ ወገን ብቻ የሚሳደብ ቢሆንስ? ሌላው ደግሞ መሄጃ ከሌለው?»

ሐጂ አብዲራህማን ቆሙ። ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት።

«ሴት ናት ይህን ያስጠየቀችህ?»

«አዎ።»

«አላህ ይባርካት።» መንገዳቸውን ቀጠሉ። «ስማኝ። ስድብ የደበቅኩት ሰዎቹ በንዴት ሳይሆን በልባቸው እንዲገበያዩ ብዬ ነው። ስድብ ደብቄያለሁ። ሚዛን ግን ደብቄ አላውቅም። አንዱ ሲሰረቅ እያየ ዝም የሚል ደላላ አስታራቂ አይባልም፣ የሌባው ሰው ነው። የእናንተ አለቃ የሚናገረው ስድብ ነው ወይስ ሚዛን?»

ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ ሚክዳድ «ሚዛን ነው» አለ።

ሰኞ ጠዋት ማኔጀሩ አንድ ቀጭን ወጣት ይዞ መጣ። ከአገሩ ገና መድረሱ ነው፤ በሙቀቱ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። አዲሱ ሱፐርቫይዘር እሱ መሆኑን፣ ሥራውንም ሂንዳ እንደምታሳየው ማኔጀሩ ተናገረ። ሚክዳድ ተረጎመ። ሂንዳ ከማሽኖቹ መሐል ወጥታ ወደ ፊት መጣች።

«ይህን ቦታ እኔም እጠይቃለሁ» አለች፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «ሥራውን ለእሱ የማሳየው እኔ ከሆንኩ፣ ቦታው ለእኔ የማይሰጠው ለምንድን ነው? ምክንያቱን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ሚክዳድ አንድም ቃል ሳያስቀር ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ማኔጀሩ አንገቱን ማዞሩን አቆመ። ከዚያ ሳቅ አለና፣ ወደ ሂንዳ ሳይሆን ወደ ሚክዳድ ዞሮ፣ ለወዳጁ የሚያወራ ይመስል መለሰለት። ሲጨርስ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እንደ ወትሮው አሳምርልኝ ማለቱ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ማሽኖቹ እየሠሩ ነበር። ሚክዳድ ሂንዳን አያት። የሚጠብቁት ዓይኖች እነዚያው ናቸው። በዚህ ጊዜ መሬት አላየም።

«ማኔጀሩ እንዲህ ብለዋል» አለ፣ በዚያው በረጋ ድምፁ። «‹የእነዚህ ሰዎች እጅ ይማራል፣ ጭንቅላታቸው ግን አይማርም። ጥቁር ሰው አለቃ ከሆነ ሥራ ይቆማል። እኛ ባንመጣ ኖሮ ዛፍ ሥር ተኝተው ይውሉ ነበር። ለዚህች ልጅ ጥሩ ነገር ንገራትና ወደ ቦታዋ መልሳት።› ያሉት ይህን ነው። ጥሩውን ነገር እኔ እንድጨምርበት ነው የፈለጉት። አልጨመርኩም።»

ያንኑ በኦሮምኛ ደገመው። በሶማሊኛም ደገመው።

መጀመሪያ የቆመው የተሻለች ማሽን ነው። እግሯን ከፔዳሉ አነሳችና እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚያ የጎረቤቷ ቆመ። ከዚያ የቀጣዩ። ድምፁ እንደ ዝናብ እያባራ፣ እያባራ ሄዶ የጣሪያው ማራገቢያ ብቻ ተሰማ። ያዘዘ ማንም አልነበረም።

«ምን አልካቸው?» አለ ማኔጀሩ።

«ያሉትን» አለ ሚክዳድ።

«ይህን ተርጉም አላልኩህም!»

«የተቀጠርኩት ለመተርጎም ነው።»

ዋናው ዳይሬክተር ከቢሮው ወረደ። እሱም የውጭ ሰው ነው፤ ከሠራተኛ ጋር ብዙም አይገናኝም። ሱሪዎቹ የሚጫኑበት ኮንቴይነር በዚያ ቀን ወደ ጅቡቲ መሄድ ነበረበት፤ ማሽኖቹ ግን ቆመዋል። ምን እንደሆነ ጠየቀ። ሌላ አስተርጓሚ ስላልነበረ ሚክዳድ መሐል ቆመ። ማኔጀሩ ጣቱን ቀሰረበትና በንዴት ተናገረ። ሚክዳድ ሰማው፣ ወደ ሴቶቹም ዞረ።

«ማኔጀሩ ደግሞ ‹አስተርጓሚው ውሸታም ነው፣ አመጽ ቀስቃሽ ነው፣ ዛሬውኑ ይባረር› ብለዋል።»

ተሻለች ራሷን ያዘች። «ውይ የእኔ ልጅ! የራሱንም ሳያጎድል ነገረን እኮ!»

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ቀጭኑ ወጣት እንኳ፣ ለምን እንደሚሳቅ ሳያውቅ፣ ፈገግ አለ። ሂንዳ ግን አልሳቀችም። ሚክዳድን እያየች ነበር፤ ዓይኖቿ ውስጥ ከዚህ በፊት ለእሱ ያላሳየችው ነገር ነበረ።

ዳይሬክተሩ እሷን ምን እንደምትፈልግ ጠየቃት።

«ቦታውን በስጦታ አልፈልግም» አለች። «እሱም ላይኑን ይምራ፣ እኔም ልምራ። በአንድ መለኪያ ይታይ። የተሻለው ይሾም። ከእንግዲህ ለሁሉም ላይን እንዲሁ ይሁን። ስለ ቀለማችን ደግሞ ሁለተኛ እንዳይነገረን።»

ዳይሬክተሩ የቆሙትን ማሽኖች አየ፣ ማኔጀሩን አየ፣ አዲሱን ወጣት አየ። ደግ ሰው ይሁን ወይም ኮንቴይነሩ አሳስቦት እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ብቻ እሺ አለ። ተሻለች እግሯን ወደ ፔዳሉ መለሰች።

ፈተናው ያለ ጫጫታ አለቀ። ሂንዳ ስትመራ ለማስተካከያ የሚመለሰው ሱሪ ጥቂት ነበር፤ ወጣቱ ሲመራ ይበዛ ነበር። ክፉ ልጅ አልነበረም። ውጤቱ ሲነገር እጇን ጨብጦ ረዳት ሆኖ ለመሥራት ተስማማ፤ ሠራተኞቹም ለእሱ ስም ሳያወጡለት ቀሩ፤ ይህ በድሬ ትልቅ ክብር ነው። ማኔጀሩ ወደ መጋዘን ሥራ ተዛወረ። ይቅርታ አልጠየቀም።

የሚክዳድ ውል ሲያበቃ አልታደሰም። ምክንያቱን ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም። በመጨረሻው ቀን ከሰርቪሱ ሲወርድ ሂንዳ ቀድማው ወርዳ ቆማ ጠበቀችው። ታይዋን የሚባለውን ገበያ አቋርጠው፣ ልብስ እያራገፉ በሚጠሩ ነጋዴዎች መሐል ሄዱ።

«ሽማግሌ መቼ ትልካለህ?» አለችው፣ የጫማ ዋጋ እንደምትጠይቅ ዓይነት።

ሚክዳድ መንገድ መሐል ቆመ። ከኋላው ዕቃ የተሸከመ ሰው «ዞር በል አቦ!» አለው።

«ሥራ ልያዝ እንጂ መጀመሪያ። አባትሽ ምን ይለኛል?»

«አባቴ ዳሂር ሹፌር ነው። ሥራ ሲኖረውም ሳይኖረውም ኖሯል። እኔ አሁን ሱፐርቫይዘር ነኝ፤ አንተ ደግሞ ሥራ ታጣለህ ብዬ አላምንም። አፍ ያለው ሰው ድሬ ውስጥ ጾሙን አያድርም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሚክዳድ፣ የዚያን ቀን ትከሻህን ሲመታህ ፈራሁ። ይሄኔ ያሳምረዋል ብዬ ፈራሁ። ስትናገር ግን... የተሰደብኩት እኔ ነኝ፤ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተከብሬ አላውቅም።»

እጁን አልያዘችም፤ መንገድ ላይ ነበሩ። ትከሻዋ ግን ትከሻውን ነካው፤ ቶሎም አላነሳችውም።

«በሚቀጥለው ጁምዓ» አለ ሚክዳድ።

ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ዳሂር ልጃቸውን ብቻ ጠየቁ፤ እሷ ደግሞ መልሷን ከያዘች ቆይታለች። ሚክዳድም ከኒካው በፊት አንድ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ ተቀጠረ።

ኒካው የታሰረው መጋላ፣ በዳሂር ግቢ ውስጥ ነው። ወንዶቹ ውጭ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ውስጥ ናቸው። ተሻለች ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከፋብሪካው ሴቶች ጋር መጥታ ከሙሽራዋ አጠገብ ቦታ ይዛለች። ሼሁ ከሁለት ምስክሮች ጋር ወደ ክፍሉ በር ቀረቡና የሙሽራዋን ፈቃድ ጠየቁ።

እንደ ወጉ ከሆነ ሴት ልጅ ታፍራለች፣ አንገቷን ትደፋለች፣ ዝም ትላለች። ዝምታዋም እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። ናዲፋ ልጃቸውን በክርናቸው ጎሰም አደረጉና «ዝም በይ፣ ይበቃል» አሉ በሹክሹክታ።

ሂንዳ ከፊቷ ላይ ሻሹን ገለጠች።

«ፈቅጃለሁ!» አለች፤ ድምጿ ክፍሉን ሞልቶ፣ በሩን አልፎ፣ ግቢው ድረስ ተሰማ።

ሴቶቹ በእልልታ ፈነዱ። ሼሁ ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። ውጭ ምንጣፉ ላይ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠው ሚክዳድ ቀና አለ።